እምቧይ ሜዳን ላስተካክል ብዬ

ሰው በሰላም ወጥቶ እየገባ፣ ትዳሩ ደህና፣ ጨጓራው ደህና፣ መኪናውም ሰርቪስ ተደርጋ ሳለ፣ ምን ጎድሎበት ነው ኢንሳይክሎፒዲያ የሚያርመው? ይህን ጥያቄ ባለቤቴ ሮማን ጠይቃኛለች። የማኅበራችን ሊቀመንበር በሰው ፊት ጠይቆኛል። እኔም ፂሜን ስላጭ በመስተዋት ውስጥ ያለውን ሰውዬ ጠይቄዋለሁ። እስካሁን መልስ ያገኘ የለም፤ እናንተም አንብባችሁ ስትጨርሱ ካላገኛችሁት በእኔ አትፍረዱ።

ነገሩ የተጀመረው ዴንቨር ኤርፖርት አጠገብ፣ እኛ ሾፌሮች ተሳፋሪ በምንጠብቅበት ሜዳ ላይ ነው። እዚያ ሰው የሚሠራው ነገር የለውም። አንዱ መቀመጫውን አስተኝቶ ያንኮራፋል፤ አንዱ ሱፍ ይቆረጥማል፤ አንዱ መኪናውን እየዞረ በስልክ መንግሥት ይገለብጣል። እኔ ያን ቀን፣ እጄን በቆረጠው፣ የተወለድኩበትን ወረዳ ስም ሰርች አደረግኩ። እምቧይ ሜዳ።

ማንም ገብቶ የሚጽፍበትና የሚያርመው የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ እንዳለ ታውቃላችሁ። በአማርኛም አለ። እምቧይ ሜዳም እዚያ ላይ ተገኘች! ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሱፍ የሚቆረጥመውን ሾፌር «ና፣ አገሬን እይ» ብዬ ጠራሁት። እሱ እስኪመጣ ጽሑፉን አነበብኩት፤ አንብቤ ስጨርስም «ተወው፣ ምንም አይደለም» ብዬ መለስኩት።

ጽሑፉ ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። የመጀመሪያው እምቧይ ሜዳ ቆላ ናት ይላል። ሁለተኛው ሕዝቧ በግመል እርባታ ይተዳደራል ይላል። ሦስተኛው «ይህ ጽሑፍ ያልተሟላ ስለሆነ በማሟላት ይርዱን» ይላል። ከጎኑ አንድ ግመል ቆሞ ፎቶ ተነስቷል፤ ፊቱ ላይ የሚታየው ንቀት በቀጥታ ወደ እኔ ነው።

እምቧይ ሜዳ፣ ለማታውቋት፣ ገብስ ሳይቀር በውርጭ የሚመታባት ደጋ ናት። ሰዉ ከነጋቢው የተወለደ ነው የሚመስለው። ግመል እኛ ዘንድ የሚታወቀው በመርፌ ቀዳዳ ሲያልፍ ብቻ ነው፤ እሱም በቄሱ ስብከት።

ይርዱን ሲባል አልሰማሁም ብሎ የማለፍ ጸባይ ቢኖረኝ ዛሬ ስንት ቦታ በደረስኩ። እዚያው ተመዘገብኩና ጻፍኩ። እንዴት ያለ ጽሑፍ መሰላችሁ! «እምቧይ ሜዳ የጀግኖች መፍለቂያ፣ የደጋጎች ማደሪያ፣ አየሯ ሕመምተኛ የሚፈውስ…» እያልኩ ስወርድ ዐይኔ እንባ አቀረረ። ግመሉን ሰረዝኩት። ከዚያ ስልኬ ተሳፋሪ መጣልህ አለኝና አንዲት ነጭ ሴትዮ ይዤ ወደ ዳውንታውን ነዳሁ። መንገዱን ሁሉ ፊቴ ይፈካ ስለነበር ሴትዮዋ ልጅ ተወልዶልህ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ወረዳ ነው የተወለደልኝ ልላት ምንም አልቀረኝም።

ሴትዮዋን አውርጄ፣ ፓርክ አድርጌ ስከፍተው የጻፍኩት በሙሉ የለም። ግመሉ ተመልሶ ቆሟል። «ሚዛኑ» የሚባል ሰው ነው ያጠፋው። ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚኖር አይታወቅም፤ በዚያ በአማርኛው ክፍል ዘብ የቆመ ሰው ነው። ምክንያቱን በአጭሩ ጽፎልኛል፦ «ውዳሴ ነው። ምንጭ የለውም።»

ውዳሴ ያለውን እሺ ልተውለት። ምንጭ የለውም ሲል ግን ደሜ ፈላ። እምቧይ ሜዳ ምንጭ የላትም? ምን የማይታወቅ ነገር ነው የሚያወራው! መሪውን ተደግፌ መለስኩለት፦ «ጌታው፣ አገሩን ሳያውቁ አይናገሩ። ጭቃ ምንጭ አለ፤ የዝንጀሮ ውሃ አለ፤ በጋ ከክረምት የማይነጥፈው የእመቤታችን ጠበል አለ። በአጎቴ ማሳ ግርጌ ብቻ እንኳ ሁለት ይፈልቃሉ። ምንጭ የሌለው የግመልዎ አገር ነው!»

መልሱ ወዲያው መጣ። «ወንድሜ፣ ምንጭ ያልኩት ማስረጃ ነው። መጽሐፍ፣ ጋዜጣ፣ የታተመ ነገር።»

ብቻዬን ተቀምጬ ሳለሁ ሰው አየኝ ይሆን ብዬ ግራ ቀኝ ቃኘሁ።

ትንሽ ቆይቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ በሚሉት ዓይነት፣ ጻፍኩለት። እዚያ ተወልጄ ማደጌን፣ ግመል የሚባል በዐይኔ አለማየቴን ነገርኩት። ግመሉ ግን ምንጭ አለው! አንድ የድሮ የውጭ አገር መንገደኛ ስሙ የሚመሳሰል ሌላ ቦታ አይቶ መጽሐፍ ጽፏል። ግመሉ በመጽሐፍ አለ፤ እኔ የለሁም። «አንተ ምንጭ መሆን አትችልም» አለኝ ሚዛኑ፤ ደግሞ በትሕትና ነው የሚናገረው፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ግሪን ቫሊ ራንች ያለው ቤታችን ስገባ ሮማን ከሥራ ተመልሳ እግሯን ሶፋ ላይ ሰቅላለች። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ስታነሳ ስትጥል ትውላለች።

«ምን ሆነህ ነው ፊትህ እንዲህ?»

«ግመል አለ ይላሉ።»

«የት?»

«እምቧይ ሜዳ።»

«ታዲያ ይኑራ! አንተን ምን አገባህ፣ ትቀልበዋለህ?»

«እዚያ የተወለድኩት እኔ ነኝ እያልኳቸው፣ አንተ ምንጭ አይደለህም አሉኝ።»

ሮማን ተመቻችታ ተኛች። «ይህን ለማወቅ ኢንተርኔት ድረስ መሄድ አልነበረብህም» አለች።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያቆም ነበር። እኔ ግን ሳስበው ሳስበው አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ግመሉን የሚያስረሳ ነገር። መምህር ተስፋዝጊ።

ጋሽ ተስፋዝጊ ኤርትራዊ ናቸው። በጎረምሳነታቸው በመምህርነት ተመድበው እምቧይ ሜዳ መጡ፤ እዚያው አረጁ ማለት ይቻላል። የወረዳውን ልጅ ሁሉ ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው፤ እኔንም፣ ከእኔ በፊት የነበሩትንም። አማርኛቸው ከኛ ከባለቤቶቹ የጠራ ነበር። በኋላ ያ ክፉ ጊዜ መጣና አገርህ አይደለም ተባሉ። ሻንጣ ሳይዙ ሄዱ። ዓለም ክብ ናትና ዛሬ እሳቸው እዚሁ ዴንቨር፣ ግሌንዴል በአንድ ፎቅ ቤት፣ እኔ ግሪን ቫሊ ራንች። ዐይናቸው ደክሟል። አንዳንዴ ክሊኒክ አደርሳቸዋለሁ፤ መኪና ውስጥ ሆነው የማስታወቂያ ቦርድ ማንበብ ሲያቅታቸው እንደ ልጅ ይናደዳሉ።

ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ስምዎን ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ ላስገባው ነው።»

«የኔን? ምን አጠፋሁ?»

«የእምቧይ ሜዳ የመጀመሪያው መምህር ተብሎ ይጻፋል።»

ዝም አሉ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«ስትጨርስ መጥተህ ታነብልኛለህ» አሉ በመጨረሻ፤ ዘጉትም።

እንግዲህ ነገሩ ከዚህ በኋላ ቀልድ መሆኑ ቀረ። ለሽማግሌ ቃል ገብቻለሁ።

ምንጭ ፍለጋ ወደ ማኅበሩ ሄድኩ። የእምቧይ ሜዳ ተወላጆች ማኅበር የሚሰበሰበው ኦሮራ፣ ኮልፋክስ አካባቢ ባለ አንድ ምግብ ቤት የጓሮ ክፍል ነው። ሰብሳቢው ደምሴ ነው። ደምሴ የእኔ እኩያ ነው፤ አብረን ተገርፈናል። እዚህ ከመጣ ወዲህ ግን ሊቀመንበር ካላሉት አይዞርም። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ደምሴ ግን የሚያውቁት ሰዎች መሀል ሆኖ ነው ያስነጠፈው፤ ጉብዝናው እዚህ ላይ ነው።

ጉዳዩን አስረዳሁ። ወረዳችን በዓለም ፊት በግመል ተመስላለች፤ እንተባበርና እናስተካክል አልኩ። ጭብጨባው ምግብ ቤቱን አናወጠው። ሁሉም ተስማማ። ስምምነታችን ግን ሻይ ተቀድቶ እስኪቀዘቅዝ እንኳ አልቆየም።

አንዱ ተነስቶ የወረዳው መነሻ ላይ ቤት ተብሎ ይጻፍ አለ። ሌላው ላይ ቤት የሚባለው ታች ቤት ከተቆረቆረ በኋላ በተባረሩ ሰዎች የተመሠረተ ነው አለ። ሦስተኛው «ታዋቂ ሰዎች» የሚል ክፍል ይኑርና የወንድሙ ስም ይግባ፤ ወንድሙ ድምፁ በሬዲዮ ተላልፏል አለ። ምን ብሎ? ተብሎ ሲጠየቅ፣ የሙዚቃ ምርጫ። አንዷ እናት ደግሞ ስለ ወንዙ ስትጽፉ ባሌን የወሰደው መሆኑን እንዳትረሱ ብለው አለቀሱ። እሳቸውን ስናባብል አንድ ሰው የራሱን አያት ጀግኖች መሀል አስገብቶ አገኘነው።

የእምቧይ ካብ ሲባል ትሰማላችሁ፤ እምቧይ ክብ ስለሆነ ቢክቡት አይቆምም፣ አንዱን ሲነኩት ሁሉም ይንዳል። ተረቱን የተረተው ሰው የእኛን ስብሰባ አይቶ መሆን አለበት።

በግርግሩ መሀል እጄን አውጥቼ «ቢያንስ መምህር ተስፋዝጊ ላይ እንስማማ» አልኩ። «የመጀመሪያው መምህር ናቸው። እዚህ ያለነው ሁሉ የሳቸው ተማሪዎች ነን። የምስክርነት ጽሑፍ አዘጋጅተን አንድ ጋዜጣ ላይ እናውጣ፤ ያ ምንጭ ይሆናል።»

ደምሴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መምህር ተስፋዝጊ» አለ፣ «ጥሩ ሰው ናቸው። እኔም እወዳቸዋለሁ። ግን…»

ከዚህ «ግን» በኋላ የመጣውን ብትሰሙ ኖሮ ጆሯችሁን ትሸጡ ነበር። ግን ሰውየው የወረዳው ተወላጅ አይደሉም። ግን ጊዜው ጥሩ አይደለም። ግን ሌላ ስም ቢገባ ለምን የእኛ ሰው ጠፍቶ ይባላል። ግን ትምህርት የሚጀመረው በመምህር አይደለም፣ በቤት ነው፤ ትምህርት ቤቱን ያሠሩት ደግሞ አባቴ ቀኛዝማች አንለይ ናቸው አለ ደምሴ።

«ቆርቆሮው የት ገባ?» አለ አንድ ድምፅ ከጥግ። ወይዘሮ ዘነቡ ናቸው፤ በዕድሜ ከሁላችንም ይበልጣሉ፤ የተናገሩትንም የሚመልሱ ሰው አይደሉም። «ለትምህርት ቤቱ የመጣው ቆርቆሮ ቀኛዝማች ጎተራ ላይ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ልጆቹ ተምረው ሳይሆን ታጥበው ነው የሚመጡት። ወይስ ዐይኔ ነው?»

ሳቁ ደምሴን ጨረሰው። ወንበር ተገፋ። አንዱ አባትህ፣ አንዱ ያንተስ አባት አለ። በዚህ መሀል ደግሞ ኮሎራዶ ኮሎራዶ ናትና በረዶ መውረድ ጀመረ፤ እንቁላል የሚያክል በረዶ። ሁሉም ስድቡን አንጠልጥሎ ወደ መኪናው ሮጠ። በረዶው ላይ ቤት ታች ቤት ሳይል የሁላችንንም መኪና እኩል ቀጠቀጠው። በዚያ ቀን ፍትሕ ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ማኅበሩ ሁለት ነው። አንደኛው የእምቧይ ሜዳ ተወላጆች ማኅበር፣ ሁለተኛው እውነተኛው የእምቧይ ሜዳ ተወላጆች ማኅበር። ሁለቱም እዚያው ምግብ ቤት ነው የሚሰበሰቡት፤ ሌላው ቤት ፓርኪንግ የለውማ። እየተላለፉ ሲገቡ ሲወጡ ሰላም አይባባሉም። እኔን ሁለቱም አይፈልጉኝም፤ ከቴሌግራም ግሩፑ አስወጡኝ፣ አዲሱም ግሩፕ አልከተተኝም።

ደምሴ ግን ሥራ ፈት ሰው አይደለም። የሰርግና የልደት ፎቶ የሚያወጣ አንድ ድረ ገጽ ያለው የሚስቱ ዘመድ አለ። ድረ ገጹን አንድ ቀን ብከፍተው፣ በአንዲት ሙሽራና በአንድ የልደት ኬክ መሀል ቀኛዝማች አንለይ ጎፈሬያቸውን አበጥረው ብቅ ብለዋል። «የእምቧይ ሜዳ የትምህርት አባት» ይላል ከበላያቸው።

ኢንሳይክሎፒዲያውን ስከፍት የፈራሁት ደርሷል። «በወረዳው የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ያሠሩትና ትምህርት ያስጀመሩት ቀኛዝማች አንለይ ናቸው» ይላል፤ ከጫፉም ትንሽዬ የማስረጃ ቁጥር ተለጥፋለች። ምንጭ አለው! ከሙሽራዋና ከኬኩ የሚፈልቅ ምንጭ።

ሰረዝኩት። መልሰው ጻፉት። የመምህሩን ስም ጻፍኩ። ሚዛኑ ሰረዘው፤ ምንጭ የለውማ። እንደገና ቀኛዝማችን ሰረዝኩ፤ ቀኛዝማች እንደገና ተነሱ። ሰውየው በሕይወት ሳሉ እንኳ እንዲህ አልተመላለሱም። ተሳፋሪ ባወረድኩ ቁጥር ዳር ይዤ ቆሜ እሰርዛለሁ። «አንተ ሰውዬ፣ ጤና ነህ?» ብሎ በእንግሊዝኛ የጠየቀኝም ነበር፤ ለካ ጮክ ብዬ ነው «ቆርቆሮ ሌባ!» የምለው።

በመጨረሻ ሚዛኑ ብሎክ አደረገኝ። እንዲህም ብሎ ጻፈልኝ፦ «ወንድሜ፣ እውነትህን ሊሆን ይችላል። ልብህም ይታየኛል። ግን ልብ ማስረጃ አይሆንም።» እውነቱን ነው። የሚያናድደውም እሱ ነው።

ይህ አልበቃ ብሎ ክረምት ላይ፣ ማለት እዚህ ሰመር በሚሉት ጊዜ፣ የደምሴ ማኅበር አንድ መናፈሻ ውስጥ ፒክኒክ አደረገ። እኔ ሮማንን ሥራ ቦታዋ ላደርሳት በዚያ ሳልፍ ቀይ መብራት ያዘን። ቀና ስል ሁሉም አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰዋል። ደረቱ ላይ «እምቧይ ሜዳ» ይላል። ከሥሩ ግመል።

መስኮቱን ዝቅ አድርጌ የማውቀውን አንዱን ጠራሁት።

«ምንድን ነው የለበሳችሁት?»

«ምልክታችን ነዋ!»

«አንተ፣ እኛ አገር ግመል አይተህ ታውቃለህ?»

«እኔ ሕፃን ሆኜ ነው የወጣሁት» አለኝ፤ ከእኔ በኋላ የወጣ ሰው ነው። «ግን ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ አለ እኮ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ሮማን ሳትስቅ «ንዳ» አለችኝ። የሳቀች ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግሌንዴል አንድ ሰው እየጠበቀኝ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ጋሽ ተስፋዝጊ ሲደውሉ «ትንሽ ቀርቷል» እል ነበር። ከዚያ ስልክ ማንሳት ፈራሁ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ደወሉ፤ ሳላስበው አነሳሁት።

«ጨረስክ?»

«ጨርሻለሁ ጋሼ» አለ አፌ። ከየት እንዳመጣው አላውቅም።

«እንግዲያው ና።»

ሄድኩ። በሩን ሲከፍቱልኝ ክራቫት አስረዋል። በገዛ ቤታቸው፣ ሰው በሌለበት፣ ግራጫ ኮት በክራቫት ለብሰዋል፤ ፀጉራቸውን በውሃ አስተኝተዋል። ጽሑፍ ሊነበብላቸው ነውና ለክብሩ የለበሱት ነው። ጭብጦ አክዬ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው ፊት ለፊቴ ወንበር ስበው፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ «አንብብ» አሉ።

ገጹን ከፈትኩት። ቀኛዝማች ናቸው፤ ግመሉም አለ። ማንበብ ጀመርኩ። ቆላ የሚለውን ደጋ አልኩት። ግመሉን ዘለልኩት። ስለ ገብሱ፣ ስለ ውርጩ፣ ስለ እመቤታችን ጠበል ያልተጻፈውን ሁሉ አነበብኩ። ድምፄ እየጠነከረ መጣ። እሳቸው ዐይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ እዚያ ቦታ ደረስኩ።

«በእምቧይ ሜዳ የመጀመሪያው መምህር ተስፋዝጊ ናቸው። የወረዳውን ልጆች በሙሉ ፊደል ያስቆጠሩ…»

«ቁም» አሉ።

ቆምኩ። ማለት እውነትም ከሶፋው ተነስቼ ቆምኩ፤ አራተኛ ክፍል ገባሁ።

«ማን ነገረህ?»

«ምኑን ጋሼ?»

«የመጀመሪያው እኔ እንደሆንኩ ማን ነገረህ?»

«ማንም… ሁላችንም የምናውቀው ነው።»

«ሁላችሁም ስታውቁት ማንኛችሁ ጠየቃችሁኝ?»

«እኔ በምትክ ነው የመጣሁት» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ የለውም፤ የደከመው ነው። «ስልክ የደወልክ ቀን ልነግርህ ነበር። ምናልባት አጣርቶ ይመጣል ብዬ ተውኩት። ከእኔ በፊት አንዲት ልጅ ነበረች። ፀሐይ ትባላለች። እኔም አላየኋትም። ከማሠልጠኛ እንደወጣች ላኳት። ትምህርት ቤት የለም፤ ባዶ ጎተራ ሰጧት። ሰሌዳ የለም። ግድግዳው ላይ በከሰል ፊደል ጻፈች፣ ከሀ እስከ ፐ። ክረምቱ ሲገባ ታመመች። በቃሬዛ ሊያወርዷት ሲሉ ወንዙ ሞላ። እስኪጎድል ጠበቁ። ወንዙ ጎደለ፤ እሷ ግን አልጠበቀችም።»

መስኮቱ ሥር አምቡላንስ እየጮኸ አለፈ።

«እኔ ስደርስ ልጆቹ ፊደል ለይተው ጠበቁኝ። አስተማርኩ እንጂ አላስጀመርኩም። የዚያው ቤት ግድግዳ በየዓመቱ ሲለቀለቅ የእሷ ፊደል ያለበትን ጥግ እየተውኩ አስለቀልቅ ነበር።»

ያን ጥግ አውቀዋለሁ። ሁላችንም እናውቀዋለን። ጭስ ነው ብለን ነበር። ሲበላን ጀርባችንን የምናሽበት እዚያ ነበር፤ ሸሚዛችን ጠቁሮ ስንገባ እናቶቻችን ይገርፉን ነበር። ደምሴም ተገርፎበታል።

«የአባቷ ስም ማን ነበር?» አልኩ፤ ለምን እንደጠየቅኩ እንጃ።

«አላውቅም። ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔም አልጠየቅኩም።» ክራቫታቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «በል አርመው።»

«እሺ ጋሼ፤ ቤት ስገባ…»

«አሁን። እዚሁ።»

ብሎክ ተደርጌያለሁ ልበላቸው? ያነበብኩልዎት ሁሉ የለም፤ ያለው ቀኛዝማችና ግመሉ ነው ልበላቸው? ኮት ለብሰዋል። ስልኬ ላይ መጀመሪያ ያገኘሁትን መጻፊያ ከፈትኩ።

«ጻፍ። በእምቧይ ሜዳ የመጀመሪያዋ መምህርት ፀሐይ ናት። ፀሐይን በፀሐዩ ፀ ጻፍ፤ በጸሎቱ ጸ እንዳታደርገው።»

«እሺ።»

«ሐውም ሐመሩ ሐ ነው። ሃሌታውን እንዳትጠቀም።»

«ሐመሩ ሐ።»

«በከሰል፣ በግድግዳ ላይ፣ ፊደል ጽፋ አስተማረች። አራት ነጥብ። ተስፋዝጊ ከእርሷ ቀጥሎ መጣ። አራት ነጥብ። ናቸው ምናምን አትበል፤ መጣ በል።»

«መጣ። አራት ነጥብ።»

«አንብበው።»

አነበብኩት።

«አሁን ላከው።»

ነካሁት። ስልኬ ፉት የሚል ድምፅ አሰማ፤ ሰሙት።

«ሄደ?»

«ሄደ ጋሼ።»

«ሰው ሁሉ ያየዋል?»

«ያየዋል።»

ወንበሩን ተደግፈው ክራቫታቸውን ፈቱ። ሻይ ላፍላልህ ወይ አሉኝ፤ ሥራ አለብኝ አልኩና ወጣሁ። እንደ ሌባ ነው የወጣሁት።

የሊፍቱ በር ሲዘጋ ስልኬ ጮኸ። ለካ የከፈትኩት የሮማንን መልእክት ነበር፤ ጠዋት ሽንኩርት ገዝተህ ና ያለችኝ ከበላዩ አለ። ከሥሩ ጋሽ ተስፋዝጊ ያስጻፉኝ ነገር፣ ከነአራት ነጥቡ። ከዚያ ሥር ደግሞ የሮማን መልስ፦

«ፀሐይ ማን ናት?»

ወደ መኪናዬ ገባሁ፤ ሞተሩን ግን አላስነሳሁም። ይህን ሁሉ ጊዜ ስጽፍ ስሰርዝ፣ ስለዚያች አገር አንድ ነገር የጠየቀኝ ሰው ይኸው መጣ። መነጽሬን ጠርጌ መልሱን መጻፍ ጀመርኩ።